ጥናቱ የማን ነው? ነባር ሕዝቦች፣ የአእምሮ ጤና ምርምርና የፖሊሲው ወንበር

ከአንድ የፈቃድ ቅጽ ልነሣ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ፣ ግራንድ ካንየን በሚባለው ታላቅ ገደል ሥር ሱፓይ የምትባል መንደር አለች። መኪና አይደርስባትም፤ በእግር፣ በበቅሎ ወይም በሄሊኮፕተር ነው የሚወረደው። ነዋሪዎቿ ሃቫሱፓይ የሚባሉ፣ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ የነበሩ ነባር ሕዝብ ናቸው፤ የጎሳው አባላት 650 ገደማ ናቸው። የስኳር በሽታ በየቤቱ ገብቶ ሰዉን እግር እስከ ማስቆረጥ አደረሰው። ከ1990 ጀምሮ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጥተው ደም እንዲሰጡ ጠየቁ፤ ሰዎቹም ለልጆቻቸው መላ ይገኝ እንደሆነ ብለው ሰጡ። በቃል የተነገራቸው ስለ ስኳር በሽታ ነው። ቅጹ ላይ የሰፈረው ግን ደሙ የባሕርይና የሕክምና ችግሮችን መንስኤ ለማጥናት ይውላል የሚል ነበር። እንግሊዝኛ ደግሞ ለብዙዎቹ ሁለተኛ ቋንቋ ነው።

በዚያች አንዲት ሐረግ ቀዳዳ ብዙ ነገር ገባ። ለስኳር የተሰጠው ደም ስኪዞፍሬኒያ ለሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናት ዋለ። ጎሳው ውስጥ ምን ያህል የዘመድ ጋብቻ እንዳለ ተመረመረበት። የሕዝቡ አያቶች ከየት እንደመጡም ተጻፈበት፤ ሃቫሱፓዮች ግን ከዚያው ገደል እንደተገኙ ነው የሚያምኑት። ይህ ሁሉ የታወቀው በ2003 ነው። አንዲት የጎሳው አባል ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የዶክትሬት ጽሑፍ ሲቀርብ ለማዳመጥ ገብታ የወገኖቿ ደም ላልፈቀዱት ነገር እንደዋለ ሰማች፤ ተነሥታም ጠየቀች። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2010 በስምምነት ተዘጋ፤ ዩኒቨርሲቲው ለ41 ሰዎች 700,000 ዶላር ከፈለ፣ የቀረውንም ደም መለሰ።

ይህን ታሪክ የጥቂት ተመራማሪዎች ስሕተት አድርገው የሚያወሩት ብዙ ናቸው። እኔ ግን የማየው የአሠራር ጉድለት ነው። ፈቃድ የተጠየቀው እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ነው፤ ጥናቱ ግን የሚናገረው ስለ ሕዝቡ ሁሉ ነበር፤ ደም ያልሰጠውንም ጭምር። የሥነ ምግባር ኮሚቴው የተቀመጠው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነው፤ የጎሳው ምክር ቤት “ቁም” ቢል የሚያስቆምበት ወረቀት አልነበረውም። ደሙ ከቤተ ሙከራ ወደ ቤተ ሙከራ ሲሻገር ማን ዘንድ እንደደረሰ የሚመዘግብለት መዝገብም አልነበረውም። “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም” እንላለን። እዚህ ባለቤቱን መናቅ እንኳ አላስፈለገም፤ ሥርዓቱ ከመጀመሪያው ባለቤት አለ ብሎ አላሰበም።

ማኅበረሰብ የሚመራው ጥናት የሚለው ቃል ዛሬ በየገንዘብ ማመልከቻው ላይ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው አንድ አማካሪ ቡድን፣ ሁለት ስብሰባና የምሳ ወጪ ነው። ሕዝቡ በእርግጥ እየመራ እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል። ጥያቄውን ማን መረጠ? መረጃው ማን እጅ ነው ያለው? ጥናቱን ማስቆም የሚችለውስ ማን ነው? መልሱ ሦስቱም ላይ ዩኒቨርሲቲው ወይም ሚኒስቴሩ ከሆነ፣ የተጋበዙት ሽማግሌዎች ስንትም ቢሆኑ ሕዝቡ መሪ አይደለም።

ከመረጃው ልጀምር፤ ካናዳ ላይ ይህ ጥያቄ ከሌላው ቦታ ቀድሞ ጠርቷልና። በ1994 የፌዴራሉ መንግሥት ሦስት ትላልቅ የረጅም ጊዜ አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናቶችን ሲጀምር ፈርስት ኔሽንስ ከሚባሉት የካናዳ ነባር ሕዝቦች በተከለለ መሬታቸው ላይ የሚኖሩትን አላካተተም። ለፖሊሲ የሚሆን ቁጥር ስለነሱ አልነበረም ማለት ነው፤ ቁጥር የሌለው ደግሞ በጀት ሲከፋፈል ስሙ አይነሣም። የራሳቸውን የጤና ዳሰሳ በ1997 ጀመሩ። ያንን ያስተባበረው ኮሚቴ በ1998 አንድ መርሕ አወጣ፤ ዛሬ ኦካፕ በሚል ምሕጻር ይታወቃል። አራት ነገር ይዟል፦ ባለቤትነት፣ ቁጥጥር፣ ማግኘት፣ በእጅ መያዝ።

መጀመሪያ ሦስት ነበሩ። አራተኛው፣ በእጅ መያዝ፣ በኋላ ነው የተጨመረው፤ ከአራቱም ወሳኙ እሱ ይመስለኛል። ባለቤትነት ወረቀት ላይ ሊጻፍ ይችላል። መረጃው ያለበት ሰርቨር የሚኒስቴሩ ከሆነ ግን ሚኒስትር በተለወጠ ቁጥር ስምምነቱም ይላላል። በመንግሥት እጅ ያለ ሰነድ ደግሞ በመረጃ ነጻነት ሕግ ሌላ ሰው ቢጠይቀው ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጎሳው “የኔ ነው” ቢል ሕጉ አይሰማውም። ስለዚህ ጥሬው መረጃ ራሱ በሕዝቡ ድርጅት ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ተመራማሪው የሰዎቹ ስም የተሰረዘበትን ቅጂ ለተወሰነ ጥያቄ፣ ለተወሰነ ጊዜ ይበደራል። መዝገቡን የሚከፍተው ቁልፍ ያለው ማን ዘንድ ነው የሚለውን በስምና በሥራ መደብ መጻፍ ያስፈልጋል። “ከማኅበረሰቡ ጋር በጋራ ይያዛል” የሚል አረፍተ ነገር ውሎ አድሮ መረጃው ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ቀረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። በአእምሮ ጤና ላይ ጥያቄውን መምረጥ ከሌላው በሽታ ይልቅ ይከብዳል። ስለ ደም ግፊት የወጣ ቁጥር ሕዝብን አያዋርድም፤ ስለ መጠጥ ወይም ራስን ስለ ማጥፋት የወጣ ቁጥር ግን ስም ሆኖ ይለጠፋል። በ1979 በአላስካ ሰሜን ጫፍ፣ ያኔ ባሮው በምትባለው ዛሬ ኡትኪያግቪክ በሆነችው ከተማ፣ ስለ አልኮል ጥናት ተደረገ። ውጤቱ በጥር 1980 በሺዎች ኪሎ ሜትር በራቀችው ፊላደልፊያ በጋዜጣዊ መግለጫ ወጣ፤ ጋዜጦችም አንድን ሕዝብ በሙሉ ሰካራም አድርገው አወሩ። ሕዝቡ ስለ ራሱ የሰማው ከጋዜጣ ነው። ከዚያ በኋላ በአላስካ ለሚመጣ ተመራማሪ ሁሉ በሩ በቀላሉ እንዳይከፈት ምክንያት ሆነ፤ ተገቢም ነበር።

ከዓመታት በኋላ እዚያው አላስካ ሌላ የተመራማሪ ቡድን ስለ አልኮል ሱስ ሊያጠና ሲነሣ፣ መጠጥ የተዉና ከመጀመሪያውም የማይጠጡ የአገሬው ሰዎች አንድ ነገር አሉ፦ ሰካራሙን ስታጠኑ ኖራችሁ፤ አሁን የማይጠጣውን አጥኑ፣ እንዴት ሳይጠጣ እንደኖረ ጠይቁት። ጥያቄው ተገለበጠ። ጥያቄው ሲገለበጥ መልሱም፣ መልሱን የሚሰጠውም ሰው ተለወጠ። ከዚያ ሥራ የአላስካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ዩፒኮች ቁንጋስቪክ ያሉት፣ በቋንቋቸው የመሣሪያ ሳጥን ማለት የሆነ፣ የወጣቶች ፕሮግራም ወጣ። ወጣቶቹን የሚያስተምሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ትምህርቱም ወቅቱን ይከተላል፦ በረዶ በሠራ ውኃ ላይ አደጋን እያዩ መሄድ፣ አደን፣ ለቀማ። የሚለካውም ተለየ። ወጣቱ ስንት ጊዜ ሞትን እንዳሰበ ከመቁጠር ይልቅ ለመኖር ምን ምክንያት እንዳለው ይጠየቃል። ይህ ለሕዝቡ ፊት ተብሎ የተደረገ ማለስለሻ አይደለም። ሁለት ሦስት መቶ ወጣት ባለበት መንደር ራስን የማጥፋት ሞት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በየዓመቱ የሚደጋገም ነገር ስላልሆነ ፕሮግራሙ ሠራ አልሠራም ለማለት አይበቃም። የመኖር ምክንያት ግን ከእያንዳንዱ ልጅ ሊለካ ይችላል፣ ከዓመት ዓመትም ይነጻጸራል።

ስለ ትንሽ ቁጥር ካነሣን ትንሽ ልቆይበት፤ ጥሩ አሳቢ ተመራማሪዎች እንኳ እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። 600 ሰው ያለበት መንደር ውስጥ አንድ ሰው ቢሞት፣ በ100,000 ሲሰላ 167 ይመጣል። በሚቀጥለው ዓመት ማንም ካልሞተ ዜሮ ነው። ሪፖርቱ “ከ167 ወደ ዜሮ ወረደ” ብሎ ቢጽፍ ውሸት ባይሆንም ከንቱ ነው፤ ከዜሮ ወደ 167 የወጣ ዕለት ደግሞ ጋዜጠኛ ሄሊኮፕተር ተከራይቶ ይመጣል። ከዚህም የከፋ አለ። “ዕድሜዋ ከ15 እስከ 19 የሆነ አንዲት ሴት” ተብሎ ሠንጠረዥ ላይ ሲጻፍ፣ መንደሩ ውስጥ የማን ልጅ እንደሆነች የማያውቅ የለም። እናትየው የልጇን ሞት በሠንጠረዥ ታነበዋለች። ስለዚህ ከአምስት በታች የሆነ ቁጥር አይታተም፤ ቢያንስ የአምስት ዓመት ተደምሮ ይቀርባል፤ የመንደር ስም ይቀርና የአካባቢው ስም ይጠቀሳል። ይህን የሚወስነው የስታቲስቲክስ ባለሙያው ብቻውን ከሆነ ስሕተት ይገባበታል፤ የትኛው ዝርዝር የማንን ቤት እንደሚያጋልጥ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው።

ሕዝቡ ራሱ የመራው ሥራ ከሥር እስከ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ከሁሉ የሚሻለኝ ምሳሌ የዋይት ማውንቴን አፓቼ ጎሳ ነው፤ እሱም አሪዞና ውስጥ፣ ፎርት አፓቼ በሚባለው የጎሳው ምድር። ራሱን የሚያጠፋ ወጣት ሲበዛባቸው የጎሳው ምክር ቤት በ2001 ያደረገው ነገር ጥናት ማዘዝ አልነበረም፤ ሕግ አወጣ። በጎሳው ምድር ውስጥ የሚደርስ ራስን የማጥፋት ሞትም ሆነ ሙከራ ሁሉ ለአንድ ማዕከላዊ መዝገብ እንዲነገር አስገደደ። ሐሳቡ ብቻ ቢሰማ እንኳ ይነገራል። መምህሩ፣ ፖሊሱ፣ ነርሷ፣ ጎረቤቱ፣ ዘመድ፣ ራሱ ሰውየውም ሊያሳውቅ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚሆነውን በደንብ እዩት፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። መምህር አንድ ተማሪ የተናገረውን ሰምታ ቅጽ ትሞላለች። ቅጹ የሚሄደው ወደ ሆስፒታል መዝገብ ቤት ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ሴሌብሬቲንግ ላይፍ የሚባል፣ በአፓቼ ሠራተኞች የተሞላ ቡድን ዘንድ ይደርሳል። ከቡድኑ አንዱ ልጁን ፈልጎ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። ቤተሰቡን ያውቃል፤ በየትኛው ቋንቋ፣ በማን በኩል እንደሚገባ ያውቃል። የተባለው እውነት መሆኑን ያጣራል፤ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳስቆጣው፣ መጠጥ ነበረ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ከሕክምና ጋር ያገናኘዋል፣ ሄዶም እንደሆነ ይከታተላል። በዚያው ጉብኝት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ልጁ እርዳታ ያገኛል፣ መዝገቡም የተጣራ መረጃ ያገኛል። ብዙ አገር እነዚህን ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚይዛቸው፤ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ሐኪሙ ያክማል፣ አይገናኙም።

የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በቴክኒክ ይረዳሉ፤ ሕጉ ግን የጎሳው ነው፣ ቁጥሩም የሚቀርበው ለጎሳው አመራር ነው። ቁጥሩ የት ላይ አደጋ እንዳለ ሲያሳይ ሥራው ወደዚያ ዞረ። ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ለተረፈ ወጣት ኒው ሆፕ የተባለ፣ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት የሚወስድ የቤት ለቤት ምክር ተዘጋጀለት። ሽማግሌዎች ወደ ትምህርት ቤት እየገቡ ስለ አፓቼ ማንነት፣ ስለ አክብሮትና ስለ ዝምድና ማስተማር ጀመሩ። ከ2001 እስከ 2006 በ100,000 ሰው 40 የነበረው ራስን የማጥፋት ሞት ከ2007 እስከ 2012 ባለው ጊዜ 24.7 ሆነ፤ በመላ አሜሪካ በዚያ ዘመን እየጨመረ ነበር። ማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ጎሳ አብሮ ስላልተጠና መውረዱን ሁሉ የፕሮግራሙ ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው በእጁ ይህን ያህል ዓመት የተጠራቀመ የራሱ መዝገብ መኖሩ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ከውጭ የመጣ ተመራማሪ የልጆቻቸውን ሞት ለነሱ ቢነግራቸው ለቀባሪ ማርዳት ነበር የሚሆነው።

ይህን ሥራ ሌላ ቦታ ሊገለብጡ የሚሞክሩ ቅጹን ብቻ ይወስዳሉ። ቅጹ ይገባል፣ ቤት የሚሄደው ሰው ግን አይቀጠርም፤ ወይም የአንድ ዓመት በጀት ይመደብለትና ሲያልቅ ይሄዳል። መምህሯ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞልታ ማንም ልጁን ሊያይ እንዳልመጣ ስታውቅ አራተኛውን አትሞላም። መዝገቡ ያኔ ይሞታል። ሌላው የሚረሳው ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው። የሚጎበኙት የአጎታቸውን ልጅ ነው፣ የሚቀብሩትም እሱን ነው። ተረኛ የሚተካቸው ሰው፣ ከሐዘን በኋላ የሚያርፉበት ቀንና የሚያናግራቸው ባለሙያ በጀት ውስጥ ካልገባ ቡድኑ ብዙ አይቆይም።

ወደ ስምምነቱ ወረቀት ልምጣ። ትክክለኛው ጊዜ የገንዘብ ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት ነው፤ ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ማስታወቂያ ነው። ስድስት ወር ቢያንስ ይፈጃል፤ ዓመት ቢፈጅም አይግረማችሁ፣ የአደን ወቅት አለ፣ ሐዘን አለ፣ የምክር ቤት ምርጫ አለ። መጀመሪያ የሚጣራው ፈቃድ ሰጪው ማን እንደሆነ ነው። ናቫሆ ኔሽን የሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከ1996 ጀምሮ የራሱ የምርምር ገምጋሚ ቦርድ አለው፤ ተመራማሪው ከመጀመሩ በፊት ብቻ ሳይሆን ጽሑፉን ከማሳተሙም በፊት እዚያ ያቀርባል። ቦርድ የሌለበት ቦታ የምክር ቤቱ የጽሑፍ ውሳኔ ያስፈልጋል። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ “እሺ” ስላሉ ብቻ መጀመር ዓይነተኛው ስሕተት ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ሴቶቹ፣ ወጣቶቹ፣ ከተማ የገቡት፣ ራሳቸው ሕመሙን የሚያውቁት ሌላ ሊሉ ይችላሉ፣ በየፊናቸው መጠየቅ አለባቸው። በተለይ ስለ አእምሮ ሕመም ሲሆን ሕመሙን የኖሩበት ሰዎች ከሽማግሌ ፊት እንደማይናገሩ አስቡና ለብቻቸው ወንበር ስጧቸው።

ወረቀቱ ላይ ጥያቄው ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፤ “እና ተዛማጅ ጉዳዮች” የሚል ጅራት አይቀጠልበትም፤ የሃቫሱፓይ ቀዳዳ እሱ ነው። ለሌላ ጥያቄ መጠቀም ከተፈለገ እንደገና ይጠየቃል። ለሕትመት የተዘጋጀ ጽሑፍ ለምክር ቤቱ ከ30 እስከ 60 ቀን ቀድሞ ይደርሳል። እዚህ ላይ ተመራማሪዎች “ሳንሱር ነው” ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱን የሚፈታ አንቀጽ አለ፦ ሁለቱ ወገኖች ስለ ውጤቱ ትርጉም ካልተስማሙ፣ የሕዝቡ የተለየ አስተያየት በዚያው ጽሑፍ ውስጥ አብሮ ይታተማል። ቁጥር አይሰረዝም፣ ሕዝቡም ዝም አይባልም። ክፍያን በተመለከተ፣ ለሽማግሌ የሚከፈለው ለአማካሪ ባለሙያ የሚከፈለውን ያህል ይሁን፣ በቀኑ ይሰጥ። ከሦስት ወር በኋላ በባንክ የሚላክ ገንዘብ የባንክ ሒሳብ ለሌላቸው ሰዎች አልተከፈለም ማለት ነው።

ስለ ሞት የሚጠይቅ ቃለ መጠይቅ ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ነርስ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ በአውሮፕላን በምትመጣበት መንደር፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ “ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?” ብሎ ጠይቆ መሄድ ክፉ ሥራ ነው። ቀጠሮው ባለሙያ በሚገኝበት ቀን፣ ከሳምንቱ መጀመሪያ ይደረጋል። ጠያቂው “አዎ” የሚል መልስ ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ፣ ለማን እንደሚደውል፣ ሰውየውን እስከ መቼ ብቻውን እንደማይተው ተጽፎ በኪሱ ይያዝ። በትንሽ መንደር ጠያቂውና ተጠያቂው ዘመድ ይሆናሉ፤ ተጠያቂው ከሌላ መንደር የመጣ ጠያቂ እንዲመርጥ ዕድል ይሰጠው።

መጠይቁም አለ። ፒኤችኪው-9 የሚባለው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድብርት መለኪያ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። አውስትራሊያ ውስጥ ለነባር ሕዝቦች እንዳለ ማቅረብ አልሠራም፤ ቃሉን በቃሉ ሲተረጉሙት ሰዉ የሚያውቀውን ስሜት አላገኘውም። ከማኅበረሰቡ ጋር ጥያቄዎቹ እንደገና ተቀረጹ፣ በሽታው እነሱ ዘንድ የሚታይባቸው ሌሎች ምልክቶች ተጨመሩ፤ በ10 የጤና አገልግሎቶች 500 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2019 ወጣ። ቶሮንቶም ይሁን ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ በጤና ተቋም የሚያስተረጉሙ ያገራችን ሰዎች ይህን ችግር ያውቁታል። “ድብርት” ብለን የምንተረጉመውን ቃል ልጆቹ “ዛሬ ደብሮኛል” ሲሉ መሰልቸት ነው የሚሉት፤ እናታቸው ደግሞ ሕመሟን የምትነግርህ “ሆዴ ባሰ” ብላ ነው። መጠይቁ “ሆድ መባስ”ን ካልጠየቀ እናትየው ጤነኛ ሆና ትመዘገባለች። በመጠይቁ ነጥብ ደግሞ በጀት ይመደባል።

ከጥናት ወደ ፖሊሲ የሚወስደው መንገድ ላይ ብዙ የሚጠቀስ አንድ ሥራ አለ። ቻንድለርና ላሎንድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 ባወጡት ጥናት በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚገኙ 200 ያህል የፈርስት ኔሽንስ ማኅበረሰቦችን አዩ። “የነባር ሕዝብ ወጣት ራሱን ያጠፋል” የሚለው ጥቅል አባባል ፈረሰ፤ ካዩዋቸው ከግማሽ በሚበልጡት በጥናቱ ዘመን አንድም ወጣት ራሱን አላጠፋም፣ ሞቱ የተከማቸው በጥቂቶቹ ውስጥ ነው። ልዩነቱ የታየው ማኅበረሰቡ ጉዳዩን ራሱ ከመያዙ ጋር ነው። ስድስት ነገር ቆጠሩ፦ ራስን ማስተዳደር፣ የመሬት ይገባኛል ክርክር፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና አገልግሎት፣ የባህል ቤት፣ ፖሊስና እሳት አደጋ። ስድስቱም ባሉበት አንድም የወጣት ሞት አልነበረም፤ አንዱም በሌለበት በ100,000 ወጣት 137.5 ደረሰ። የጎደለውንም ልናገር፦ ሥራው በመንግሥት የአስከሬን ምርመራ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ነው፣ ሕዝቡ የመራው አይደለም፤ አብሮ መገኘትም መንስኤ መሆን ማለት አይደለም። ቢሆንም የአእምሮ ጤና ፖሊሲ ስለ ሐኪምና ስለ ክኒን ብቻ ሊሆን እንደማይችል ከዚህ በላይ ያሳየ ቁጥር አላውቅም።

በካናዳ ሰሜናዊ ክፍል የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች፣ የኢኑዊት፣ ብሔራዊ ድርጅት፣ ኢኑዊት ታፒሪት ካናታሚ፣ በ2016 ባወጣው ራስን የማጥፋት መከላከያ ስትራቴጂ ይህ ሐሳብ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። በአራቱ የኢኑዊት ክልሎች ራስን የማጥፋት ሞት ከካናዳ አጠቃላይ ከ5 እስከ 25 እጥፍ እንደሆነ ጠቅሶ፣ ከስድስቱ የትኩረት መስኮች መጀመሪያ ያስቀደመው ማኅበራዊ እኩልነትን ነው፤ ሰው ተጨናንቆ የሚኖርበትን ቤት፣ የምግብ እጥረትን። የሕክምና አገልግሎት አንዱ መስክ ብቻ ነው። የውጭ አማካሪ ቢጽፈው ሕክምናው አንደኛ ይወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ2018 ደግሞ የምርምር ስትራቴጂ አወጡና ለኢኑዊት ምርምር የሚመደበው ገንዘብ ኢኑዊት ቅድሚያ የሰጡትን እንዲከተል ጠየቁ።

አውስትራሊያ ውስጥ በ2008 የፌዴራሉና የግዛቶቹ መንግሥታት በነባር ሕዝቦችና በሌላው መካከል ያለውን ልዩነት ለማጥበብ ሲስማሙ ፈራሚዎቹ መንግሥታቱ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ግቦች ሳይደረስባቸው ጊዜው አለፈ። በ2020 የተፈረመው አዲሱ ስምምነት ላይ ግን በሕዝቡ የሚመሩ ድርጅቶች ኅብረት ፈራሚ ሆነ። ራስን የማጥፋት ሞትን ወደ ዜሮ ማውረድ አንዱ ግብ ነው፤ ከአራቱ ዋና ማሻሻያዎች አንዱ ደግሞ የአካባቢ መረጃን ለሕዝቡ ማካፈል ነው። ፊርማ ብቻውን ግን ቤት አያደርስም። ረቂቁ ካለቀ በኋላ “በ30 ቀን ውስጥ አስተያየት ስጡ” የሚል ደብዳቤ አሁንም ይላካል፤ አንድ ጸሐፊ ብቻ ያለው የጎሳ ጤና ቢሮ 120 ገጽ በ30 ቀን አንብቦ፣ ሕዝብ ሰብስቦ፣ መልስ ሊጽፍ አይችልም። ከዚያም ሪፖርቱ ላይ “ተመክሯል” ተብሎ ይጻፋል። ወንበሩ የሚያስፈልገው ረቂቁ ባዶ ወረቀት ሳለ ነው፤ ለዚያ ሥራ የሚሆን ደመወዝም ለጎሳው ቢሮ አብሮ ይመደብ።

ከስምምነቱ አንድ አንቀጽ ቀረኝ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚጻፍና ሁልጊዜ የሚረሳ ነው፦ ጥናቱ ሲያልቅ። የቅጂዎቹ ዝርዝር ይሠራ፤ የትኛው ኮምፒውተር፣ የትኛው መጠባበቂያ፣ የትኛው ተማሪ ላፕቶፕ፣ የትኛው ፍሪዘር። እያንዳንዱ በየትኛው ቀን እንደሚመለስ ወይም እንደሚጠፋ፣ ማን ቆሞ እንደሚያይ ይጻፍ። ደም ወይም ሌላ የሰውነት ክፍል ከሆነ ሕዝቡ እንደ ሥርዓቱ የሚቀበልበት ጊዜ ይሰጠው። ሃቫሱፓዮች በ2010 ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄደው የወገኖቻቸው ደም ያለበት ፍሪዘር ሲከፈትላቸው አለቀሱ፣ ዘመሩም። ደሙን ከሰጡት መካከል በዚያን ጊዜ በሕይወት የሌሉ ነበሩበት።